ሰባተኛው ሞተር

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ከቢሮ፣ ከምሳ በኋላ

ለማይጠገበው ወንድሜ ለሚጢጢ፣

ጤንነትህን አልጠይቅም። አራት መስመር ጽፎ የላከ ሰው ደህና ነው፤ የታመመ ሰውማ ረዘም አድርጎ ይጽፋል። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጎረቤት ሲመጣ ያንተን ነገር ያወራል። ጎረቤቱ ሰባት ጊዜ ሰምቶታል፤ ስምንተኛውንም ጊዜ እንደ አዲስ "ጉድ እኮ ነው!" ይላል። ጨዋ ሰው ነው።

አራቱን መስመሮችህን ለፕሮግራመራችን ለዝምተኛው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "አባባ ደወለልኝ። 'ምክንያት ይኖርሃል፣ ልጄ' አለኝ። ምን ብለሽ እንደነገርሽው ገባኝ። ንዝረቱን ለእሱ ማሽን ብቻ መልሺለት፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው።" አለቀ። "እባክሽ" የምትል ቃል የለችበትም። ድሮ እርሳስ ስትዋሰኝ እንኳ እባክሽ ትል ነበር። ለሁሉም መልስ እሰጥሃለሁ፤ ግን በፈለግኩት ቅደም ተከተል ነው። አለቃ ብሎ ስም ያወጣልኝ አባባ አይደል?

ቁጥሩን አስቀድሜ ልንገርህ፤ እሱን ሳልነግርህ ሌላ ነገር ልጻፍ ብል እጄ አይታዘዘኝም። ጌማችን "ሞተር ቤት" ለአንድ የጌም ማሽን ብቻ በተሸጠበት በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ገዛው። በአራት ማሽን ላይ ከወጣ በኋላ ያንኑ ያህል ሰው እስኪገዛው የፈጀው ዘጠኝ ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን! በትልቅ ወረቀት አትሜ አንተ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ወንበሩ ላይ ማንም ስለማይቀመጥ ወረቀቱን የሚያነበው ወንበሩ ነው።

ያን የምሳ ቀን መቼም አትረሳውም። የማሽን ፋብሪካው ሁለት ሰዎች ጌሙ በእነሱ ማሽን ብቻ እንዲሸጥ የሚጠይቀውን ውላቸውን ጠረጴዛችን ላይ ትተው በሄዱ ማግሥት ነበር። እኔ "ሰው በየቤቱ ያለው ማሽን ልዩ ልዩ ነው፣ ሁሉም ቤት እንግባ" አልኩ። አንተ ሹካህን አስቀምጠህ "እታለም፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አልከኝ። የሌሎቹ ማሽኖች ጆይስቲክ እንደዚህኛው በስሱ መንዘር አይችልም፣ ዝም ብሎ ያጉረመርማል አልክ። ንዝረቱ ከሌለ ጌሙም የለም አልክ። ለአንዱ አጥብቀን ከሠራን ፋብሪካው ራሱ ያስተዋውቅልናል፣ በአንድ ማሽን ብቻ የሚገኝ ነገር ሰው አክብሮ ይገዛዋል አልክ።

መልስ ነበረኝ። ለአንድ ማሽን ብቻ የሚሠራ ጌም የሚፈለገው ራሱ እንዲሸጥ አይደለም፤ ማሽኑን እንዲያሸጥላቸው ነው። ማሽኑ ከተሸጠ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት አባባ በእጁ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ "ልጁ ያለው ይሁን" አለ። በቃ። አምስት ሠራተኛ የማስተዳድር ሴትዮ አፌን ዘግቼ ምሳዬን ጨረስኩ።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? ፋብሪካው ሦስት ሳምንት ሥዕላችንን በኢንተርኔት መደብሩ የፊት ገጽ ላይ ሰቀለልህ። በአራተኛው ሳምንት በእኛ ቦታ የእሽቅድምድም መኪና ቆመበት። አንተ ግን አልተናደድክም፤ ጌሙ ያገኘውን ሽልማት ታቅፈህ ፎቶ ትነሣ ነበር። ጭራሽ ዓይንህን በጨው አጥበህ እዚያው ፋብሪካ ተቀጠርክ። የረሱህን ሰዎች አገር ድረስ ተከትለህ ሄድክ። የሄድክ ዕለት በር ላይ ቆሜ ቦርሳህን ፈትሼ የሥራውን ሁሉ ቅጂ የያዘውን ዲስክ ስቀበልህ ምንም አላልክም። ቀና ብለህም አላየኸኝም። ያን ጊዜ ብትጮህብኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ይሆን ነበር።

ባለፈው ወር የቀጠርኳት የድምፅ ሠራተኛ "ጌሙ ግን ስለምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሠራውና ስሸጠው ኖሬ ለአንድ ሰው ስለ ጌሙ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ አርባ ዓመት የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር አልኳት። መዳፉን ሞተሩ ላይ ጣል አድርጎ "ይሄኛው ታሟል፣ ያኛው ያስመስላል" የሚል ሰው ነበር። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግድግዳ እየዳበሰ ሲውል ወንድሜ አጠገቡ ተቀመጠና የእያንዳንዱን ሞተር ምት ጠረጴዛው ላይ በጣቱ እንዲመታለት ጠየቀው፤ ቀዳው፤ ወደ ጆይስቲክ ንዝረት ለወጠው። ተጫዋቹ ጨለማ የሞተር ቤት ውስጥ ይገባል። ስክሪኑ ጥቁር ነው። የታመመውን ሞተር የሚያገኘው በመዳፉ ብቻ ነው። ሰባት ሞተር አለ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አሁን ግን ተጫዋቹ እጅ ላይ ባትሪ አለ እኮ" አለችኝ። አዎ፣ አለ። መብራት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ማሽኖች በስሱ መንዘር ካልቻሉ፣ ንዝረቱ ይውጣና ሰዉ በዓይኑ አይቶ ይፈልግ አልኩ። ተሸጠም።

አንድ እውነት ልመርቅልህ። ከአዲሶቹ ገዢዎች አብዛኞቹ ሦስተኛው ሞተር ላይ ይሰለቹና ይተውታል። ያንተ አሥራ አንድ ሺህ ሰዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰባተኛው ድረስ ደርሰዋል። ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ አልለጠፍኩትም።

እንግዲህ ወደ ሁለት ቀን ሥራህ ልምጣ። ውሉ አልቆ ጌሙ ነፃ ሲወጣ ዝምተኛው "ሁለት ዕትም ካለን እያንዳንዱን ስሕተት ሁለት ጊዜ ልናርም ነው" አለኝ። እኔም ለሁሉም ማሽን አንድ ዕትም ይሁን አልኩ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አንተም ብትሆን ታደርገው ነበር። ሁላችንም ያላሰብነው፣ አንዱ ዕትም ወደ መጀመሪያው ማሽንም እንደሚሄድ ነው። የአባባ ማሽን ማንንም ሳያስፈቅድ ራሱን በአዲሱ ዕትም አፕዴት አደረገ።

ጠዋት ቁርሱን በልቶ እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ለሥራ እየለበስኩ ነበር። ጆይስቲኩን ያዘ፣ ጠበቀ። ሙዚቃው ይሰማል፣ ኮቴው ይሰማል፣ እጁ ላይ ግን ምንም የለም። የጆይስቲኩን ባትሪ አወጣና መለሰው። ከዚያ ከመሳቢያው ትንሿን መፍቻ በዳበሳ አገኛት፤ ጆይስቲኩን ፈታው፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስኒ ውስጥ ጨመረ። ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ። "ጤነኛ ነው" አለ ለራሱ። መልሶ ገጠመው። አንድም ብሎን አልተረፈውም። ከዚያ ሁለት መዳፉን ወደኔ ዘርግቶ፣ "አለቃ፣ እስቲ እጄን እይልኝ። የሞተ መሰለኝ" አለኝ።

አንጀቴን በላኝ። እውነቴን ነው፤ ከፈለግክ አትመነኝ። "እጅህ ደህና ነው፣ አባባ" ብዬ ያዝኩለት። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ሰው ነበርኩ። እሱ ግን "ታዲያ ምኑ ነው? ሚጢጢ ያውቀው ይሆን? ለሚጢጢ ደውዪለት" አለ። እጄን ይዞ ነው ያንተን ስም የሚጠራው። የማጥበው እኔ፣ ጥፍሩን የምቆርጥለት እኔ፣ ሐኪም ቤት ተሰልፌ የምውለው እኔ! እኔም "ንዝረቱን ያወጣው እሱ ነው። ፋብሪካው አዞት ነው። ለሥራው ሲል ነው ያጠፋብህ" አልኩት።

ምን ብሎ እንደመለሰልኝ ታውቃለህ? "እሱ ያለ ምክንያት አያደርገውም።"

ትንሽ እንኳ አላሰበም። እኔ ኮቴን እየቆለፍኩ "እኔ ብሆንስ ያጠፋሁት?" አልኩት። ሳቀ። "አንቺማ አለቃ ነሽ። የአለቃ ሥራ መቁረጥ ነው" አለኝ። ቀልዱ ነው፤ ክፋት የለበትም። አንድ ልጁ ቢያጠፋ ምክንያት አለው፣ ሌላዋ ብታጠፋ ጠባይዋ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ የአባት ዓይንስ?

አንተ ደግሞ ስልኩ ላይ "እኔ አይደለሁም፣ ዋሽታሃለች" አላልከውም። ዝም ብለህ ተቀበልክልኝ። ለአንተ ደግነት ነው፤ ለእኔ ግን በወርቅ ሳህን የቀረበ ጥፊ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነህ። ሰው ሲበድልህ ዝም ትላለህ፣ ከዚያ በዳዩ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያድራል።

እሺ፣ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከዚያ ጠዋት በኋላ በቀጥታ ቢሮ ሄጄ ዝምተኛውን "የድሮውን ዕትም አውጣልኝ" አልኩት። ስልኩን አወጣና የላኩለትን መልእክት አሳየኝ። እሱ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ "የድሮው ዕትምና የአባባ ቅጂዎች ያሉበት ማኅደር ቦታ ይዟል። ሌላ ቦታ ላስቀምጠው ወይስ ላጥፋው?" የእኔ መልስ አንድ ቃል ነው፦ "አጥፋው"። ከሥሩ "እርግጠኛ ነሽ?" ብሏል፤ እሱ ሁለት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ለዚያኛው መልስ እንኳ አልሰጠሁም። አውራ ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ ምልክት ነው የላኩለት። ያን ቀን ግድግዳው ላይ የዘጠኙን ቀን ወረቀት እየለጠፍኩ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቦርሳህ የወሰድኩት ዲስክስ ትለኝ ይሆናል። ለድምፅ ሠራተኛዋ የሥራ ዕቃ ሲያስፈልጋት አጽድቼ ሰጠኋት። የውሻ ጩኸት ሞልታበታለች፤ ለሚቀጥለው ጌም።

ስለዚህ የሁለት ቀን ሥራ አይደለም፣ ሚጢጢ። የሁለት ዓመትም አይደለም። ከመደብሩ የሚወርደው የመጨረሻው ዕትም ብቻ ነው። አባባ እንደገና ይምታልን እንዳትል፤ ጣቶቹ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ማንኪያው አፉ ድረስ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። ይህን በስልክ አልነገረህም፤ አንተን ማስጨነቅ አይፈልግም። እኔ ግን ነገርኩህ። ከፈለግክ ማሽኑን ከኢንተርኔት ሳያገናኝ የኖረ አንድ ሰው ፈልግ። የገዙት አሥራ አንድ ሺህ ብቻ ናቸው። ለአንድ ማሽን ብቻ የተሸጠ ጌም ጥቅሙ ይሄ ነው፤ የምታንኳኳው በር ያንሳል።

አሁን ስለ ሰባተኛው ሞተር እንነጋገር።

ስድስቱን አባባ መታልህ። ሰባተኛውን ግን ሳትነግረው ነው ያስገባኸው። መጀመሪያ ሲደርስበት አጠገቡ ነበርኩ። ሦስት ፈጣን፣ አንዲት ዕረፍት፣ አንድ ከባድ። እጁ ቀጥ አለ። "ይሄ ፓምፕ አይደለም" አለ። ቆይቶ "ይሄ የእናታችሁ የልብስ ስፌት መኪና ነው" አለ። ያ ከባዱ ምት እሱ ራሱ ቀጥሎ የሰፋው የቀበቶ ቋጠሮ ነው፤ ጎማው ላይ በዞረ ቁጥር ይመታ ነበር። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። በየቀኑ ስድስቱን ሞተር አድኖ ሰባተኛው ጋ የሚደርሰው ለዚህ ነበር። ደርሶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጋዜጠኞቹም "ወጣቱ የእናቱን ትዝታ እንዴት ወደ ንዝረት እንደለወጠው" እያሉ ጻፉልህ።

ወጣቱ የእናቱን ትዝታ ከየት አመጣው? እማማ ስትሞት የስምንት ወር ሕፃን ነበርክ። እኔ ነኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበርኩት። ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ እተኛ የነበርኩት እኔ ነኝ። መርገጫው ከጭንቅላቴ በላይ ወጣ ገባ ሲል፣ ቋጠሮው ሲመታ፣ እሱን እየቆጠርኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አንተ ቢሮ ውስጥ "እታለም፣ ድምፁ እንዴት ነበር?" ብለህ ስትጠይቀኝ ጠረጴዛህ ላይ በጣቴ መታሁልህ። ቀዳኸው። አመሰገንከኝ፤ ያኔ እባክሽም አመሰግናለሁም ታውቅ ነበር። ለአባባ ግን ከማን እንደሆነ አልነገርከውም። እኔም አልነገርኩትም። ይናገርልኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው። ሦስት ዓመት ጠበቅኩ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት አባባ የሞተውን ጆይስቲክ ይዞ ተቀምጧል። አሁንም በየቀኑ ይይዘዋል፤ ምንም አይሰማውም፣ ግን ይይዘዋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጣቶቼን ከጆይስቲኩ ሥር አስገባሁና መታሁ። ሦስት ፈጣን፣ አንዲት ዕረፍት፣ አንድ ከባድ። የጣቶቹ መንቀጥቀጥ ቆመ። እውነት ነው የምልህ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ፈካ። ቀጠልኩ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ያህል በዚያ ቤት ውስጥ ሦስታችን ነበርን፤ እሱ፣ እኔና እማማ።

ከዚያ "መለሰው!" አለ። "ሚጢጢ መለሰው! አላልኩሽም?"

ጣቴን አወጣሁ።

ትንሽ ጠበቀ። "ቆመ" አለ። ደግሞ ጠበቀ። "ቀበቶው ተበጥሶ ይሆናል" አለ፤ ሥራው ነውና ምክንያት ሳይፈልግ አይቀርም። ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ሳጥብ ቆየሁ።

እንግዲህ ክርክሩን አሸንፈሃል፣ ወንድሜ። ጌሙ አሁን ለአንድ ማሽን ብቻ ነው። ማሽኑ እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ ላይ አይሠራም፣ ቅጂ የለውም፣ ደንበኛውም አንድ ሰው ነው። አንተ እዚያ ሆነህ የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ አለ። ለአባባ ትደውልና "ሰባተኛው የእሷ ነው" ትለዋለህ። አራት ቃል አይሞላም፤ ያንተን አጻጻፍ ይስማማል። የነገርከው ዕለት ሄጄ እቀመጣለሁ፤ እሱ በቃ እስኪለኝ እመታለታለሁ። እስከዚያ ድረስ አልቀመጥም። ክፉ ነሽ በለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ይሄ ግን ወለምታ አይደለም፣ አስቤበት ነው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ከእሑድ ወዲህ አባባ አንድ አመል አውጥቷል። ከሰዓት በኋላ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ማድረግ ትቶ እሑድ እኔ ወደተቀመጥኩበት ባዶ ወንበር ዘርግቶ ይይዘዋል። "አለቃ፣ አለሽ?" ይላል። "አለሁ" እላለሁ። ሌላ ነገር አይጨምርም፣ ክንዱ እስኪዝል ዘርግቶ ይቆያል። ትናንት ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ "እናትሽ መኪናውን ድንገት ስታቆም ተቆጥታ ነበር ወይስ ደክሟት?" ብሎ ጠየቀኝ። አላስታውስም አልኩት። ይህን እኔን ለምን እንደሚጠይቀኝ አልገባኝም።

በል ደህና ሁን። አገሩ ይመችህ፤ ብርድ አይንካህ። ከእጅህ ላይ የሚመታ ነገር አይጥፋብህ። ዕድሜህን ከአባባ ዕድሜ ያስበልጥልህ፤ ጠጋ ብሎ የሚጠራህም አያሳጣህ። ቶሎ ደውልለት። ክንዱ ደካማ ነው።

ታላቅ እኅትህ
አለቃ